«ጠመንጃው ነው ችግሩ» ከማለታችሁ በፊት፦ የአደን ጠመንጃን ከብሎን እስከ ኢላማ መፈተሻ

አሜሪካ መጥተው አደን የጀመሩ ሰዎች ጠመንጃ ሊገዙ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቲካ ይሻላል ወይስ ሩገር?» ብለው ነው። የሚያገኙት መልስ እርስ በርሱ አይስማማም። አንዱ ሦስት ጥይት አንድ ኢንች ውስጥ ስለገባለት በብራንዱ ይምላል፤ ሌላው ያንኑ ሞዴል ገዝቶ ጥይቱ ሲበታተንበት በወሩ ይሸጠዋል። ሁለቱም ብራንዱን አልፈተሹትም። የፈተሹት የላላ ብሎን፣ ያልጠበቀ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ያልተስማማ ጥይት ወይም ዕድላቸውን ነው።

ይህ መመሪያ መዝጊያው በእጅ እየተሳበ ለሚያቀባብል ጠመንጃ ነው፤ ምንሽር ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብሎኑን ሳትፈትሹ ሜዳ ወርዳችሁ የምትተኩሱት ጥይት ገንዘብ ይበላል እንጂ ምንም አይነግራችሁም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የቀየራችሁትንም ጻፉ።

ከሁሉ በፊት፦ አራት የማይታለፉ ነገሮች

- ቤት ውስጥ ከመንካታችሁ በፊት መዝጊያውን ስቡ፣ ካርታውን (ጥይት የሚሞላበትን ሳጥን) አውጡ፣ የጥይት ቤቱን በዓይንም በጣትም ፈትሹ። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ።
- በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ስም ከቀለሁ ቂጥ ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። «ይገባል» ማለት «ይሆናል» ማለት አይደለም። .300 ብላክአውት ጥይት .223 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን ጠመንጃው ይፈነዳል።
- ቃታ ስባችሁ ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳነጣጠራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለ።
- ድምፁ የደከመ፣ እርግጫው የቀለለ ተኩስ ከሰማችሁ ሁለተኛ አትተኩሱ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጥይቱን አውጡ፣ መዝጊያውን ንቀሉ፣ ብርሃን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ማለፉን እዩ።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አሟሉ

በኢንች-ፓውንድ የሚለካ የብሎን ማጥበቂያ ግዙ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ለመኪና ጎማ የሚያገለግለው በፉት-ፓውንድ የሚለካ ስለሆነ ብሎኑን ይቆርጠዋል። ከዚያ የሚስማሙ አለን ቁልፎች፣ ፊትና ኋላ የሚቀመጡ ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች፣ ባለ መስመር የኢላማ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ። ቤት ውስጥ ያለ የተኩስ ሜዳ ከሆነ የጆሮ መድፈኛውንም ከላይ የሚጠለቀውንም አንድ ላይ አድርጉ። ለመጽጃ፦ በፕላስቲክ የተለበጠ ወይም የካርቦን ዘንግ፣ ዘንጉን በመዝጊያው በኩል ቀጥ አድርጎ የሚያስገባ መምሪያ ቱቦ፣ የመዳብ ማሟሟያ፣ ጨርቅ። ለቤት ልምምድ ደግሞ ባሩድም ፕራይመርም (ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) የሌላቸው አምስት የመለማመጃ ጥይቶች።

ጥይቱን በደረጃ 5 እናገኘዋለን፤ አሁን አትግዙ።

ደረጃ 2፦ ብረቱን ከሰደፉ የሚያስሩትን ብሎኖች

«አይመታም» ተብሎ የሚመጣ ጠመንጃ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ሳጥን ውስጥ ከፋብሪካ የመጣ መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ እንጨት ይደርቃል፣ ፕላስቲክ ይጨመቃል፣ ብሎን ይላላል።

1. መጀመሪያ አሁን ያለበትን እወቁ። ማጥበቂያውን 30 ኢንች-ፓውንድ ላይ አድርጉና ሞክሩ። ብሎኑ ከዞረ ልል ነበር ማለት ነው፤ ጻፉት። ምናልባት መልሱን አሁኑኑ አግኝታችኋል።
2. የጠመንጃውን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱ። እዚያ የተጻፈው ልክ ከማንም ምክር ይበልጣል። መጽሐፉ ከጠፋ፦ ብሎኑ በቀጥታ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ከ35 እስከ 45 ኢንች-ፓውንድ፤ ሰደፉ ውስጥ የአሉሚኒየም ቱቦ ወይም አልጋ ካለው እስከ 65።
3. ሁለቱንም ብሎኖች አላሉ። ጠመንጃውን አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ በሰደፉ ቂጥ አቁሙትና መሬቱን ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉበት። ይህ የእርግጫ ጉጡ፣ ማለትም እርግጫውን ከብረቱ ወደ ሰደፉ የሚያስተላልፈው ጉጥ፣ ሰደፉ ውስጥ ካለው ማረፊያው ጋር እንዲገጥም ያደርጋል።
4. እንደቆመ የፊቱን ብሎን በግማሽ፣ የኋላውን በግማሽ፣ ከዚያ የፊቱን ሙሉ፣ የኋላውን ሙሉ አጥብቁ።
5. መዝጊያውን ወደፊትና ወደኋላ ውሰዱ፤ ካርታውን አስገብታችሁ አውጡ። ከማጥበቃችሁ በፊት ያልነበረ መጎርበጥ ከመጣ የሆነ ብሎን ረዝሟል ወይም ቦታ ተለዋውጧል።

አሁን አንድ ፈተና፣ ያለ ምንም መሣሪያ። ጠመንጃው እንደቆመ በርሜሉና የሰደፉ ጫፍ የሚገናኙበትን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ፤ ጣቶቻችሁ ሁለቱንም እኩል ይንኩ። ሌላ ሰው የፊቱን ብሎን ቀስ እያለ ያላላ፣ መልሶም ያጥብቅ። ምንም ካልተሰማችሁ ብረቱ ሰደፉ ላይ በደንብ ተቀምጧል። በርሜሉ ከሰደፉ ሲሸሽና ሲጠጋ ከተሰማችሁ ግን ብሎኑ ብረቱን እያጎበጠው ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሲሞቅ ጥይቱን ያዛውራል። መድኃኒቱ ብረቱን ሰደፉ ውስጥ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ማስተኛት ነው፤ ለባለሙያ ስጡት።

*በብራንድ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ፦*

ቲካ ቲ3 እና ቲ3ኤክስ ላይ የእርግጫ ጉጡ ከብረቱ ጋር የተሠራ አይደለም። ለብቻው የቆመ ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ ሰደፉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብረቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ይገጥምበታል። ሰደፉን ስትፈቱ ሊወድቅ ወይም ሊጣመም ይችላል። ሳይገጥም ብሎኑን ካጠበቃችሁ ጥሩ የሚባለው ጠመንጃ ግሩፑ (በአንድ ኢላማ ላይ የተተኮሱት ጥይቶች ስብስብ) እንደ ሽሮ ይረጫል።

የቆየ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ሦስት ብሎን አለው። የመሃሉ ልክ እስኪይዝ ብቻ ነው የሚጠበቀው። እንደ ሌሎቹ ከጠበቀ ብረቱን ወደታች ያጎብጠዋል።

ሳቬጅ 110 በርሜሉ ሥር ያለችውን ትልቅ ቀለበት ነት አትንኳት። የጥይት ቤቱን ርቀት የምትወስነው እሷ ናት፤ ያለ መለኪያ ከዞረች ጠመንጃው ለተኳሹም አደገኛ ይሆናል።

ሬሚንግተን 700 ወይም ሞዴል ሰቨን በእጃችሁ ካለ፣ ኤክስ-ማርክ ፕሮ የሚባለው ቃታ ከግንቦት 1 ቀን 2006 እስከ ሚያዝያ 9 ቀን 2014 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተሠራ ከሆነ ኩባንያው ለጥገና እንዲመለስለት በ2014 የጠራው ነው። ምክንያቱም ቃታው ሳይሳብ ሊተኩስ ስለሚችል። ያገለገለ የገዛችሁ ሰዎች የቀድሞው ባለቤት ማስጠገኑን በቃሉ አትቀበሉ፤ በባለሙያ ሳይረጋገጥ ወደ ሜዳ አትውጡ።

ደረጃ 3፦ መነጽሩን እንደገና እሰሩት

ሱቅ ውስጥ «ተገጥሞ» የተሸጠ መነጽርን አትመኑ። ፍቱትና ከመሠረቱ ጀምሩ።

1. የመሠረቱን ብሎኖች ቀዳዳም ጥርስም ከዘይት አጽዱ። ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ በትንሹ ቀቡና ወደ 20 ኢንች-ፓውንድ አጥብቁ። ቀዩን ማጣበቂያ አትጠቀሙ፤ እሳት ካልነካው አይለቅም።
2. መዝጊያውን ዝጉ። ከከበዳችሁ የፊተኛው ብሎን ረዝሞ የመዝጊያውን ጆሮ እየነካ ነው። አሳጥሩት እንጂ በጉልበት አትዝጉ።
3. ቀለበቶቹን መሠረቱ ላይ ስትጥሉ ወደፊት ገፍታችሁ እሰሩ። እርግጫ ሲመጣ ጠመንጃው ወደኋላ ይሄዳል፣ መነጽሩ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ክፍተት ካለ በየተኩሱ ትንሽ ይሾልካል።
4. መነጽሩን በትልቁ ማጉሊያ አድርጋችሁ ዓይን ጨፍናችሁ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ ጣሉ፤ ከዚያ ግለጡ። ዳር ዳሩ ጥቁር ከሆነ መነጽሩን ወደፊት ወይም ወደኋላ አንሸራቱ። በዓይናችሁና በመስተዋቱ መካከል ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ አለዚያ እርግጫው ቅንድባችሁን ይተለትላል።
5. የቀለበቱን ክዳን ብሎኖች በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቃችሁ ከ15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ አጥብቁ። በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። እዚህ ጉልበት አይጠቅምም፤ ቱቦው ከተጨመቀ ውስጡ ያለው ማስተካከያ ይነክሳል።
6. በነጭ እርሳስ ወይም በጥፍር ቀለም ከቀለበቱ እስከ ቱቦው ቀጭን መስመር አስምሩ። 20 ጥይት ከተተኮሰ በኋላ መስመሩ ከተላቀቀ መነጽሩ እየሾለከ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ በርሜሉ ነጻ ነው? ንጹሕ ነው?

አንድ የዶላር ኖት በርሜሉና ሰደፉ መካከል አስገቡና ከጫፍ ወደ ጥይት ቤቱ ሳቡት። እስከ ጥይት ቤቱ ድረስ ካለፈ በርሜሉ ነጻ ነው። የሚያዝበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። (አንዳንድ የቆዩ ጠመንጃዎች ጫፍ ላይ ሆን ተብሎ ግፊት ይደረግላቸዋል፤ እነሱን አትቦርቡሩ።)

ኖቱ ማለፉ ብቻ አይበቃም። ሰደፉን አሁን የአሸዋ ከረጢት ላይ አድርጋችሁ በእጅ ወደታች ተጫኑና እንደገና ሞክሩ። ሩገር አሜሪካንና ሳቬጅ አክሲስን በመሰሉ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ጠመንጃዎች ላይ ፊተኛው ፕላስቲክ ስለሚለምጥ፣ ባዶውን ነጻ የነበረው በርሜል ሲያርፍበት ይነካል። የእነዚህ ባለቤቶች «አንድ ቀን ይመታል፣ አንድ ቀን አይመታም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከረጢቱን ከጫፉ አርቃችሁ ወደ ካርታው አስጠጉት፣ ማንገቻውን አጥብቃችሁ አትሳቡ፣ ወይም የሚነካውን ቦታ በእንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር አስፉ።

ስታጸዱ ዘንጉን ሁልጊዜ ከጥይት ቤቱ በኩል አስገቡ። የአፈሙዙ ከንፈር አረሩን መጨረሻ ላይ የሚለቀው ነው፤ እሱን በዘንግ መፈግፈግ ደህናውን በርሜል መግደል ነው። በመዳብ ማሟሟያ የረጠበ ጨርቅ አሳልፉ፣ መመሪያው የሚለውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ደረቅ አሳልፉ። ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መዳብ አለ፤ ቀለሙ እስኪጠፋ ድገሙ። በመጨረሻ ደረቅ ጨርቅ አሳልፋችሁ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ከዚህ በኋላ ፈተናው እስኪያልቅ አታጽዱ። ከጸዳ በርሜል የሚወጡት የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ጥይቶች ሌላ ቦታ ሊያርፉ ስለሚችሉ አትቁጠሯቸው።

ደረጃ 5፦ ጥይት፣ ሦስት ዓይነት

ጠመንጃ ጥይት ይመርጣል። ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች፣ ከአንድ ፋብሪካ በተከታታይ የወጡም ቢሆኑ፣ አንድ ዓይነት ጥይት ላይወዱ ይችላሉ። ስለዚህ ክብደታቸውና ፋብሪካቸው የተለያየ ሦስት ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ አንድ ሳጥን (20 ጥይት) ግዙ። ለምሳሌ የጠመንጃችሁ ጥይት .308 ዊንቸስተር የሚባለው ከሆነ አንድ 150 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ)፣ አንድ 165፣ አንድ 180። ቢያንስ አንዱ በእርግጥ የምታድኑበት ይሁን። ሳጥኑ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ጻፉ።

የበርሜሉን ሽክርክሪት፣ ማለትም ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ መስመር አንድ ዙር የሚጨርስበትን ርዝመት፣ እዩ። ቀርፋፋ ሽክርክሪት ረጅም ከባድ አረርን አያረጋጋም። 1 በ12 ኢንች የሚዞር .223 በርሜል ለ75 ግሬን አረር አይሆንም። ወረቀቱ ላይ ክብ ሳይሆን የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስል ቀዳዳ ካያችሁ አረሩ በጎኑ እየተገለባበጠ ነው። በዚያ ጥይት መሞከር አቁሙ፤ ጠመንጃውም ጥይቱም ምንም አልሆኑም፣ አልተስማሙም እንጂ።

ደረጃ 6፦ ተኩሱ

መጀመሪያ በቤት ወይም በሜዳው ጠረጴዛ ላይ መዝጊያውን ንቀሉ፤ በበርሜሉ ውስጥ አይታችሁ ኢላማውን መሃል አድርጉ፤ ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅሱ መነጽሩን ወደዚያው አምጡ።

1. 25 ያርድ። ሁለት ጥይት ተኩሱ። የብዙዎቹ የአሜሪካ መነጽሮች አንድ ክሊክ ሩብ ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ) ነው፦ 100 ያርድ ላይ ከሩብ ኢንች ጥቂት የሚበልጥ፣ 25 ያርድ ላይ የዚያ ሩብ። ስለዚህ 25 ያርድ ላይ 3 ኢንች ከወረደ ወደ 46 ክሊክ ወደ ላይ ይፈልጋል። ሰው እዚህ 12 ክሊክ ዞሮ «መነጽሩ አይሠራም» ይላል። መነጽራችሁ ሚል በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ የሚሄድ ከሆነ አንዱ ክሊክ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱን አታደባልቁ።
2. 100 ያርድ። ከረጢቱ ከሰደፉ ሥር ይሁን፣ ከበርሜሉ ሥር በፍጹም። የማንገቻው ማያያዣ ብረት ከረጢቱን እንዳይነካ። የኋላውን ከረጢት በግራ እጅ እየጨመቃችሁ ከፍታውን አስተካክሉ። ቃታውን ስባችሁ ከተኮሰ በኋላ አንድ ሰከንድ ሳትለቁ ቆዩ።
3. በአንድ የጥይት ዓይነት አምስት ተኩሱ። በተኩስ መካከል ግማሽ ደቂቃ ያህል ስጡ። ከአምስቱ በኋላ መዝጊያውን ክፍት አድርጋችሁ ጠመንጃውን አቁሙና በርሜሉን በእጅ ሲነካ እስኪበርድ፣ 10–15 ደቂቃ፣ ጠብቁ። ቀጭን የአደን በርሜል ለተከታታይ ተኩስ አልተሠራም።
4. ሌላ አምስት። አሁን በዚያ ጥይት 10 አላችሁ። ወደሚቀጥለው ጥይት እለፉ።
5. ክሊክ በመካከል አትንኩ። ግሩፑ የትም ይረፍ፣ አሁን የምንለካው ጥግግቱን ነው።

ጠመንጃ ተኩሶ መሄድን የለመደ ሰው ይህ ሁሉ መጠበቅ ያሰለቸዋል። ይሰልች።

*ሲለካ፦* በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለኩ፣ የአረሩን ውፍረት ቀንሱ (.308 ከሆነ 7.8 ሚሊ ሜትር)። «ያቺን አንዷን እኔ ነኝ ያጠፋኋት» ብሎ መጣል የለም። ከመተኮሷ በፊት ካልተናገራችሁ ትቆጠራለች።

ለምን ሦስት ጥይት አይበቃም?

አንድ ጠመንጃ በሦስት ጥይት በአማካይ 1 ኢንች ከሰበሰበ፣ ምንም ሳይበላሽ በአምስት ጥይት ወደ 1.3፣ በአሥር ጥይት ወደ 1.6 ኢንች ይሰፋል። የተጨመረው ጥይት ሁሉ ዳር ላይ የማረፍ ዕድል ስላለው ነው። ቲካና ዌዘርቢ «አንድ ኤምኦኤ» ብለው የሚገቡት ዋስትና በሦስት ጥይት ነው፤ ሳኮ በአምስት። ስለዚህ የጎረቤታችሁ ሦስት ጥይት ከእናንተ አሥር ጥይት ጋር አይወዳደርም። እኩል ቁጥር ከእኩል ቁጥር ጋር ብቻ አወዳድሩ።

ደግሞም አጋዘን ላይ ገዳዩ ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሁልጊዜ 1.5 ኢንች የሚሰበስብ ጠመንጃ እስከ 200 ያርድ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ጊዜ ግማሽ ኢንች፣ አንድ ጊዜ ሦስት ኢንች የሚለውን ነው መፍራት።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱን አንብቡ

*ሁለት የተለያዩ ግሩፖች በአንድ ወረቀት ላይ።* ሦስቱ እዚህ፣ ሁለቱ ሁለት ኢንች ርቀው። አንድ ነገር በሁለት ቦታ መካከል ይመላለሳል፦ የላላ መሠረት፣ ያልገጠመ የእርግጫ ጉጥ፣ ወይም መነጽሩ ውስጥ የደከመ ስፕሪንግ። ወደ ደረጃ 2 እና 3 ተመለሱ። ብሎኖቹ ልክ ከሆኑ በሌላ ጠመንጃ ላይ በደንብ መሥራቱን የምታውቁትን መነጽር ተበድራችሁ እሰሩ። ግሩፑ ከተሰበሰበ ጠመንጃው ነጻ ወጣ።

*በየተኩሱ በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝ።* አንደኛው መሃል፣ ሁለተኛው ከፍ፣ ሦስተኛው የበለጠ ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ። በርሜሉ እየሞቀ ሰደፉን ይነካል ወይም ብረቱ ጎብጦ ታስሯል። ማረጋገጫው፦ በየጥይቱ መካከል አምስት ደቂቃ እየጠበቃችሁ አምስት ተኩሱ። መጓዙ ከቆመ ሙቀቱ ነው።

*ቁልቁል የተሰለፈ።* ከረጢቱ ሰደፉን በየጊዜው ሌላ ቦታ ይዞታል፣ ትንፋሽ ነው፣ ወይም የጥይቱ ፍጥነት ከአንዱ አንዱ ይለያያል። መጀመሪያ ከረጢቱ የሚነካበትን ቦታ በቴፕ ምልክት አድርጉ። ካልተስተካከለ ጥይቱን ቀይሩ።

*አግድም የተሰለፈ።* ነፋስ፣ የጉንጭ ግፊት፣ ወይም ቃታውን በጎን መሳብ። ቃታው ከከበደ ደግሞ ሰው ሳያውቅ ይጎትተዋል። ለአደን 3 ፓውንድ (1.4 ኪሎ ግራም) አካባቢ ይበቃል። በመመሪያው የተፈቀደ ማስተካከያ ካለው ብቻ ንኩት። ከነካችሁ በኋላ ባዶውን ጠመንጃ አቀባብላችሁ መዝጊያውን በኃይል ዝጉ፣ ሰደፉንም በጎማ መዶሻ ከየአቅጣጫው ምቱ፤ የደህንነት መጠበቂያውንም (ሴፍቲውን) ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ። አንድ ጊዜ እንኳ መርፌው (ፕራይመሩን የሚመታው) ከወረደ ቃታው ቀሏል፣ መልሱት።

*በሁሉም አቅጣጫ የተበተነ፣ በሦስቱም ጥይት።* ሌላ ጥሩ ተኳሽ አንድ ግሩፕ ይተኩስበት። የእሱም ከተበተነ የአፈሙዙን ከንፈር በማጉያ መነጽር እዩ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ በባለሙያ እንደገና ይቆረጣል። የእሱ ከተሰበሰበ ደግሞ መልሱን ታውቃላችሁ። በዚያን ጊዜ ባዶ ጠመንጃ ላይ ቃታ መሳብን በየቀኑ መለማመድ ከአዲስ በርሜል ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ይሠራል ወይስ ይነክሳል?

መምታቱ ሳይሆን ሁለተኛውን ጥይት ማቀባበሉ ነው አንዳንዱን ጠመንጃ የሚያሳፍረው። በመለማመጃ ጥይት ካርታውን ሙሉና 20 ጊዜ በኃይል አቀባብሉ፤ እንደ ሙሽራ በዝግታ ሳይሆን በጫካ እንደምታደርጉት። ብዙ ካርታ ካላችሁ ቁጥር ጻፉባቸው፤ ችግሩ ሁልጊዜ ከ2 ቁጥር ጋር ከመጣ ጠመንጃው አይደለም።

- ጥይቱን ሳያነሳ መዝጊያው አልፎት ሄደ። መዝጊያው እስከ መጨረሻው አልተሳበም፤ ይህ ከሁሉ የበዛው ነው። አለዚያ ካርታው ሙሉ በሙሉ አልገባም ወይም ስፕሪንጉ ደክሟል።
- የጥይቱ አፍንጫ ተቀረቀረ። ጥይቶቹን ካርታው ውስጥ ወደኋላ ገፍታችሁ አስቀምጡ። የካርታው ከንፈር ከታጠፈ ካርታውን ቀይሩ፤ በፒንሳ ማቃናት አይዘልቅም።
- ቀለሁ አይወጣም። የጥይት ቤቱን አጽዱ፣ የመንጠቆውን ሥር በጥርስ ብሩሽ አጽዱ። መዝጊያው ለመነሳት ከከበደና የፕራይመሩ ፊት ከተድበሰበሰ ግን ግፊቱ ከልክ አልፏል። ያንን ጥይት አቁሙ።
- ቀለሁ ወጥቶ ሳይወረወር ቀረ። ሬሚንግተን 700፣ ሳቬጅና ቲካ ቀለሁን የሚወረውሩት መዝጊያው ፊት ላይ ባለች ስፕሪንግ ያላት ቁንጥጫ ብረት ነው። በቆሻሻ ትያዛለች፤ በጣት ተጭናችሁ ካልዘለለች አጽዱ። ማውዘር 98 እና የማውዘር ዓይነት መንጠቆ ባለው ዊንቸስተር ሞዴል 70 ላይ የሚወረውረው የቆመ ብረት ስለሆነ ቀለሁ የሚሄደው መዝጊያውን በሳባችሁበት ኃይል መጠን ነው።
- ማውዘር ላይ በእጅ የጥይት ቤት ውስጥ የተጣለ ጥይት። መንጠቆው ጥይቱን ከካርታ ሲመጣ እንዲይዝ ነው የተሠራው። በላዩ በጉልበት ስትዘጉ ሊሰበር ይችላል። ከካርታ አብሉት።
- ቃታው ተስቦ አልተኮሰም፣ ፕራይመሩ ላይ ምልክት የለም፣ ጠመንጃውም አኩትሪገር የሚባለው ቃታ ያለው ሳቬጅ ነው። መሃል ያለችውን ስስ ምላስ ሳትጫኑ በጎን ስባችሁ ይሆናል። አፈሙዙን ሳታዞሩ 30 ሰከንዱን ጠብቁ፣ መዝጊያውን አንስታችሁ መልሱ፣ በጣት ሆድ ሳቡ። ብልሽት አይደለም፣ እንዲህ ነው የተሠራው።
- ፕራይመሩ ላይ ጥልቀት የሌለው ምልክት። በብርድ ከሆነ መርፌው ዙሪያ ያለው ዘይት ወፍሯል። መዝጊያውን ፍቱ፣ ዘይቱን ሙሉ አጥቡ፣ በደረቅ ወይም በጣም ቀጭን ቅባት መልሱ። በሞቀ ቤትም ከቀጠለ ለባለሙያ።

የኮሎራዶ ተራራ ላይ የሚያድኑ ሰዎች ጠመንጃውን ሌሊት ወደ ሞቀ ድንኳን አያስገቡት። እንፋሎቱ ብረቱ ላይ ይሆናል፣ ጠዋት ይረጋል። ደርቆ መኪና ውስጥ፣ ባዶውን ተቆልፎ ይደር።

ደረጃ 9፦ የአደኑን ዜሮ ዝጉ

ዜሮ ማለት ጥይቱ በትክክል ያነጣጠራችሁበት ላይ የሚያርፍበት ርቀት ነው። የመረጣችሁትን አንድ ጥይት ያዙ። የአሥሩን ቀዳዳዎች መሃል ፈልጉ፣ በጣም ያማረችውን አንዷን ቀዳዳ አይደለም። መሃሉ 100 ያርድ ላይ 2 ኢንች ወደ ግራና 1.5 ኢንች ወደታች ከሆነ 8 ክሊክ ወደ ቀኝ፣ 6 ክሊክ ወደ ላይ። 150 ግሬን .308ን 100 ያርድ ላይ ወደ 2 ኢንች ከፍ ካደረጋችሁት 200 ያርድ ላይ ዜሮ ይሆናል፣ 300 ላይ ከ8 እስከ 9 ኢንች ይወርዳል። ይህንን በግምት አትተዉት፤ ሜዳው ካለው በ200 ተኩሳችሁ እዩ። ኮሎራዶ ውስጥ ባለችው ኦሮራ ከተማ ዜሮ አድርጋችሁ 10 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ብታድኑ እስከ 200 ያርድ ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም።

ከዚያ በተለያዩ ሦስት ቀናት፣ በርሜሉ ቀዝቃዛ ሳለ፣ አንዳንድ ጥይት ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ተኩሱ። በአደን የምትተኩሱት ይህንን ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ካረፉ ጨርሳችኋል። ሲመለሱ እጅና ፊት በሳሙና ታጥቦ፣ ልብስ ተቀይሮ ነው ሕፃን የሚታቀፈው፤ የፕራይመርና የአረር እርሳስ ቆዳ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 10፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ

አሁን ብራንዱን መክሰስ ትችላላችሁ፤ ማስረጃም አላችሁ። ለፋብሪካው ደውላችሁ የመላኪያውን መመሪያ ተቀበሉ። መነጽሩን፣ ማንገቻውንና መለዋወጫውን አውጡ፤ ካርታውን ላኩ፤ አንድም ጥይት ሳጥኑ ውስጥ አይግባ። ከኢላማዎቹ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ አያይዙ፦ የመለያ ቁጥሩ፣ የብሎኖቹ ልክ፣ የሦስቱ ጥይት ስምና የምርት ቁጥር፣ የእያንዳንዱ የአሥር ጥይት ስፋት፣ መነጽሩ ተቀይሮ መሞከሩ። «አይመታም» ብቻ ተብሎ የተላከ ጠመንጃ በሦስት ጥይት ተፈትሾ «በልኩ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ፋብሪካው የተኮሰበትን ወረቀትና የተጠቀመበትን ጥይት ስም አብሮ እንዲልክ በጽሑፍ ጠይቁ።